እንዳይመለስ ያጌጠ ገንዘብ

ሐሩ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክብደት የለውም፤ ሲነኩትም እንደ ብር ኖት አይንኮሻኮሽም፣ ይንሸራተታል። ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም። ቁጥሩ ጎልቶ ተቀምጧል፣ ሥዕሉ ከቦታል፣ ሥዕሉን ደግሞ ደቃቅ ጽሑፍ እንደ ጥለት ዞሮታል። የአንዳንዱ ጠርዝ በዳንቴል ተዘምዝሟል።

ይህ በጀርመን የቢሌፌልድ ከተማ ቁጠባ ባንክ ያወጣው ገንዘብ ነው። አገሬው “ኖትጌልት” ይለዋል፤ የችግር ጊዜ ገንዘብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሰው ሳንቲሙን ደበቀ፤ ብረቱንም ጦርነቱ ፈለገው። ዝርዝር ሲጠፋ ከተሞችና ፋብሪካዎች የየራሳቸውን ወረቀት አተሙ።

ወረቀቱ ሲያምር ሰብሳቢ መጣ። አልበም ውስጥ የገባ ኖት ደግሞ ይመንዘርልኝ ብሎ ወደ ባንክ መስኮት አይመጣም፤ ያልተመለሰው ላወጣው ትርፍ ነው። ውበት የሒሳብ ሥራ ሆነ። ይህን የቢሌፌልዱ ቁጠባ ባንክ ኃላፊ ፓውል ሃንከ ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ከተማዋ በተልባ ክር ሽመና የታወቀች ናትና ጨርቅ አልቸገረውም፤ በሐር፣ በከፋይና በተልባ ጨርቅ አሳተመ።

ጨርቅ ላይ ማተም ትዕግሥት ይፈትናል። ጨርቅ ይለጠጣል፣ ቀለም ክሩን ተከትሎ ይሰርጋል፤ ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው በፀጉር ያህል ቢዛነፍ ፊት ይበላሻል። እዚህ ግን የፊደሎቹ ቅጥነት እንኳ አልደበዘዘም።

ከጎኑ ሌላ ኖት ላስቀምጥ። በ1923 የቱሪንገን መንግሥት ባንክ የሚሊዮን ማርክ ኖቶቹን ንድፍ ለሄርበርት ባየር ሰጠ፤ ባየር ቫይማር በሚገኘው ባውሃውስ የንድፍ ትምህርት ቤት የሚማር የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ሥዕል የለ፣ ሐረግ የለ፤ ወፍራም ቀጥ ያሉ ፊደሎችና ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ። እሱም ልክ ነው፤ ዋጋ በየሰዓቱ በሚወጣበት በዚያ ዘመን ያ ኖት ሳይመሽ ዳቦ መግዛት ነበረበት። አንዱ እንዲቀመጥ፣ ሌላው እንዲሮጥ ተሠራ። የሁለቱም እጅ ሥራውን ያውቃል።

በኅዳር 1923 አዲሱ ገንዘብ ሬንተንማርክ ሲመጣ አንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ በአንድ ሬንተንማርክ ተመነዘረ፤ ቁጥሮቹ ሞቱ። የሃንከ ሒሳብ ግን አልተዛነፈም። ዳንቴል የተዘመዘመለት ሐር በየሰብሳቢው መሳቢያ ተኝቷል፤ እስከ ዛሬ ወደ መስኮቱ አልተመለሰም።