ታማኝነት የሚጠየቀው ከተጫዋቹ ብቻ ነውን?

«አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ኳስ ለመምታት ብሎ የሚከፍት ሰው ያዝናል። ያለው የስም ዝርዝር፣ ሰንጠረዥ፣ ውልና ደመወዝ ነው፤ እናንተ የምትሆኑትም መቺ ሳይሆን የቡድን ሥራ አስኪያጅ ነው። «ፉትቦል ማናጀር»ን የምታውቁ ወጣቶች ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ቤዝቦልን የማታውቁም አትሽሹ። ለዚህ ጽሑፍ አንዱ እንደሚወረውር፣ ሌላው እንደሚመታ፣ በአሜሪካ ዋናው ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ እንደሚጫወት ማወቅ ይበቃል።

ሥራ አስኪያጁ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ነገር ይመዝናል። አንደኛው ወደፊት ሊደርስበት የሚችለው ነው፤ የእውነተኛው ቤዝቦል መልማዮች እንደሚያደርጉት ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ይጻፋል። ሁለተኛው በሜዳ ላይ የሠራው ነው። ሦስተኛው ጠባዩ ነው፤ ትጋቱ፣ ገንዘብ ወዳድነቱ፣ ታማኝነቱ።

የመጀመሪያውን ጨዋታው በጥሩ ሁኔታ ይዞታል። የመልማዩ ቁጥር ትንቢት አይደለም፤ መልማይ ይሳሳታል፣ ቁጥሩም ራሱ ከዓመት ዓመት ይወጣል ይወርዳል። በ19 ዓመቱ ኮከብ ይሆናል የተባለው በ23 ዓመቱ ከማንም ሳይለይ ይቀራል። ይህ የተጋነነ ፈጠራ አይደለም። ማይክ ፒያዛ እ.ኤ.አ. በ1988 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የተጠራው በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው። ያውም የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አሠልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ የአባቱ ወዳጅ ስለነበረ ለውለታ ያህል። በ1993 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ከመቺው ኋላ አጎንብሰው ኳስ ከሚቀልቡት «ካቸሮች» መካከል በሆም ረን ብዛት የሚስተካከለው አልተገኘም።

ስለ ብቃት ብዙ አልልም። ጥሩ የሚባል መቺ እንኳ ከ10 ሙከራ 7ቱን ይከሽፋል፤ ስለዚህ የሦስት ሳምንት ውጤት አይቶ ሰው የሚያባርር ሥራ አስኪያጅ በወቅቱ ማብቂያ ይጸጸታል። ትዕግሥት ለሌለን ትውልድ ጨዋታው በዚህ በኩል ደግ መምህር ነው።

ቅሬታዬ ከሦስተኛው ላይ ነው። ታማኝ የተባለ ተጫዋች ውሉን ከቡድኑ ጋር ለማደስ ይቀለዋል፤ ሌላው የሚጠይቀውን ያህልም አይጠይቅም። ይህን ያወቀ ሥራ አስኪያጅ ምን ያደርጋል? ታማኙን በርካሽ ያስፈርማል፤ ጉልበቱ እስኪደክም ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ተስፋ ባለው የ20 ዓመት ልጅ ይለውጠዋል። ታማኝነት በተጫዋቹ ገጽ ላይ ተጽፏል። በሥራ አስኪያጁ ገጽ ላይ ግን የለም። እውነት ነው፣ ተወዳጅ ሰው ስትሸጡ ደጋፊው ይቀዘቅዛል፣ የቡድኑም መንፈስ ሊነካ ይችላል። ይህ ግን ተመልሶ ወደ ቲኬት ሽያጭና ወደ ውጤት የሚቆጠር ኪሳራ ነው። ለሰውየው የተገባ ነገር ነበር የሚል ሐሳብ በጨዋታው ውስጥ ቦታ የለውም።

ጨዋታው ዓለምን እንዳለች አሳየ እንጂ ምን አጠፋ የሚል ይኖራል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ያንኑ ፒያዛን ዶጀርስ በ1998 የውል ድርድሩ ሲጓተት ወደ ፍሎሪዳ ሸጡት፤ ፍሎሪዳም በሳምንት ገደማ ውስጥ ለኒውዮርክ ሜትስ አሳልፈው ሰጡት። ነገር ግን እውነተኛው ዓለም ከርት ፍለድም ነበረው። ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 12 የውድድር ዘመን ከተጫወተ በኋላ በ1969 ሳይጠየቅ ወደ ፊላደልፊያ ተለወጠ። አልሄድም አለ፤ እኔ የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኮሚሽነር ጻፈ፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮም በ1972 አምስት ለሦስት ተረታ። የ1970ን ዓመት ሳይጫወት አሳለፈ። በቀጣዩ ዓመት ለዋሽንግተን 13 ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ ተወ። በ1973 ግን 10 ዓመት በሊጉ ያገለገለና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች ዝውውሩን እምቢ እንዲል የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ደንቡ ሥራ አስኪያጁን ያስገድደዋል፤ ታማኝ ግን አያደርገውም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቤዝቦል ብቻ ተጨንቄ አይደለም። በየአጥቢያችን የማያጉረመርም አገልጋይ አለ፤ ወንበር የሚደረድረው፣ ልጆች የሚያስተምረው፣ ሰው ሲጠፋ የሚጠራው። እምቢ ስለማይል እንጨምርበታለን፤ የተሻለ ድምፅ ያለው ሲመጣ ማይክሮፎኑን እንቀበለዋለን። ያ አገልጋይ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ስንት ነው?

በሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩት በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነበር። ዮሐንስ ማርቆስ በጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሷል። ጳውሎስ ደግሞ ሊወስደው አልወደደም፤ ሥራው ከባድ ነውና የሚሸሽ ሰው ይዞ መሄድ ያስፈራል፣ አንፈርድበትም። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ዘመዱ ስለሆነ አደላ የሚል አይጠፋም፤ ያም ሳይኖርበት አይቀርም። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ቀን ታማኝነት የታየው ከበላዩ ወገን ነው፤ ጉድለት ለተገኘበት ወጣት። ጳውሎስ ኋላ በእስር ሳለ ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ያ ጉዞ ከተደረገ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጨዋታው መጥፎ ነው አልልም። ከማውቃቸው ሁሉ ይልቅ ሰውን ለመመዘን የሚያስቸግረውን ነገር በቅንነት ያሳያል፤ ሌሊት የሚበላ መሆኑን ግን ፈተና የደረሰባችሁ እወቁት። መለኪያዎቹን ሰውሮ በሜዳ ውጤት ብቻ መጫወት የሚያስችል ምርጫም አለው። እኔ ከሁለተኛው የውድድር ዘመን በኋላ እንዲያ መጫወትን እመርጣለሁ፤ ተጫዋቾቹ ቁጥር መሆናቸው ቀርቶ ስማቸው ትዝ ማለት ይጀምራል።