የጋኔን ቃል ምስክር ይሆናልን? (በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 9 ላይ)

ጌታችን በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው ባገኘው ጊዜ የያዘውን ርኩስ መንፈስ ስሙን ጠየቀው፤ እርሱም ሌጌዎን መባሉን ተናገረ። በመንዝም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ቡዳ በላው የተባለውን ሕመምተኛ በጢስ እያጠኑ «ማን ነህ? ከወዴት ያዝኸው?» እያሉ የሚያስለፈልፉ ሰዎች ይህን ንባብ ይዘው ሥራቸውን ከወንጌል የተገኘ ያስመስሉታል። ንባቡ ግን ይህን አይሰጥም። ጌታ የጠየቀው የጋኔኑን ስም ነው እንጂ የላከውን ሰው አይደለም። መጠየቁም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የወጡት ብዛታቸው ታውቆ የቸርነቱ ብዛት እንዲገለጥ ነው። አንድም ደቀ መዛሙርቱ በሥልጣኑ የሚያወጡት እንዴት ያለ ጠላት እንደ ሆነ አስቀድመው እንዲረዱ ነው።

በምዕራፍ 1 በቅፍርናሆም ምኵራብ የጮኸው ጋኔን እውነት ተናግሮ ነበር፤ የጌታን ቅድስና መስክሯልና። ሆኖም ዝም አሰኘው። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ የሟርተኛይቱን ገረድ መንፈስ ምስጋናውን ሳይቀበል አስወጣው። እውነት ሲናገር ያልተሰማ ባልንጀራን ሲከስ እንዴት ይታመናል?

በአይሁድ ዘንድም ለዚህ የሚቀርብ ነገር ተነሥቷል። የጥንቱ ትምህርታቸው፥ በግዕዝ ምሉዕ ሆኖ በተጠበቀው በመጽሐፈ ሄኖክና በመጽሐፈ ኩፋሌ እንዳለው፥ ርኩሳን መናፍስት ከረዓይት ወጡ፤ ከኖኅም ጸሎት በኋላ ከዐሥር አንዱ እጅ ብቻ ከመስቴማ ጋር ቀረ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1500 ወዲህ ግን፥ ይስሐቅ ሉርያና ደቀ መዝሙሩ ሐይም ቪታል በገሊላ በጸፈት ከተማ ባስተማሩበት ዘመን፥ የኃጢአተኛ ሙት ነፍስ ማረፊያ አጥታ በሕያው ሰው ላይ ታድራለች የሚል ወግ በረታ። ኋላም ዲቡክ አሉት፤ ተጣባቂ ማለት ነው። አውጪው መምህር ስሟንና የሠራችውን በደል ያናዝዛታል። ይህ ወግ በሉቃስ 16 በባለጸጋውና በአልዓዛር መካከል ከተነገረው ታላቅ ገደል ጋር አይስማማም። ነገር ግን በአንድ ነገር ይሻላል፤ ነፍሲቱ የምትናዘዘው የራሷን ነው።

የመንዙ ሕመምተኛ ሲለፈልፍ ግን በሕይወት ያለውን ጎረቤት ስም ይጠራል። የሚጠራውም ስም ጢሱ ሳይጤስ የታወቀ ነው፤ ቀጥቃጩ ነው፥ ወይም ሸክላ ሠሪዋ ናት። በመሐል ሜዳ ገበያ ማረሻውን የገዛ ገበሬ ልጁ ሲታመምበት ማረሻውን የሠራለትን ሰው በላብኝ ይላል፤ ማረሻውን ግን አይመልስም። በጎንደር አገር የነበሩት ቤተ እስራኤልም ብረት እየቀጠቀጡ አገሩን ሲያሳርሱ፥ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ብዙ ዘመን ተንገላቱ። የዛርን ነገር እነርሱም ከክርስቲያኑ ጋር ይካፈሉት ነበርና በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲወጡ ዛሩ አብሯቸው ሄደ፤ ቡዳ ያላቸው ጎረቤት ግን ከዚህ ቀረ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ይሁን እንጂ ካህኑ በጸበል ዳር የሰማውን ስም ወደ መንደር ይዞ ቢወርድ፥ ዳኛውም ያንኑ ሰምቶ ሰውየውን ቢጠረጥር፥ አዋጁ ምን ያደርጋል? ጋኔኑ ሲለፈልፍ ማስጮኹን ትቶ ጸሎቱን መቀጠል፥ ስሙንም እዚያው ማስቀረት የካህኑ ፈንታ ነው።

ወንጌላዊው ሌጌዎንን በስሙ ጻፈው፤ በሰውየው ላይ ማን እንዳመጣበት ግን አንዲት ቃል አልጻፈም። የዳነውም ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ እንዲሄድ ታዘዘ። ከእሪያዎቹ በቀር በዚያ ታሪክ የጠፋ የለም።