ተስቦ በክፍል ውስጥ፣ ተስቦ በቅጽ ላይ፦ በጎጃም ደጋ ስለ ክረምት በሽታዎች ትምህርትና ክትትል የቀረበ ሂስ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው «እገሌን ተስቦ ያዘው» ሲባል የሰማ መምህር፣ የታማሚው በሽታ የትኛው እንደ ሆነ ከቃሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ቃሉ በቅማል የሚተላለፈውን ተስቦ፣ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣውን የአንጀት ተስቦ፣ አንዳንዴም ግርሻን ጠቅልሎ ይይዛል። ይህ የአነጋገር ልማድ ከቤት ባይወጣ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን አብሮን ወደ ክፍል ገብቷል።

በ2001 ዓ.ም. የተደራጀው የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ሥርዓት ወባን፣ ግርሻን፣ ተስቦንና የአንጀት ተስቦን ለየብቻ በየሳምንቱ እንዲመዘገቡ አድርጓል። ቁጥሩ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በወረዳና በዞን በኩል ወደ ክልል ያልፋል። የወባው ቁጥር ደግሞ ባለፉት 5 ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል። አሠራሩ የሚመሰገን ነው፤ ወባ የቆላ በሽታ ብቻ አለመሆኑ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሪቱ ከፍተኛ ቦታዎች በደረሰው ወረርሽኝ ታይቷልና። ያን ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ተገምቷል።

ይሁን እንጂ ቅጹ የሚያየው ጤና ጣቢያ የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላና መንገዱ ሲጨቀይ ብዙ ሕሙማን ከመደባቸው አይነሡም። የሪፖርቱ ምሉእነት የሚለካው ወረቀቱ በመድረሱ እንጂ ሕሙማኑ በመድረሳቸው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ደግሞ ወረቀቱም ሰውም ያልደረሰበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ወቅት የቁጥር ማነስ የበሽታ ማነስ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም።

በአንድ የማስተማር ልምምድ ላይ ያየሁትን ልጥቀስ። ሠልጣኙ «ተስቦ» ብሎ በሰሌዳው ላይ ከጻፈ በኋላ ስለ ቅማል ተናገረ፤ ወዲያውም ውሃ አፍልቶ ስለ መጠጣት ቀጠለ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ውሃችንን አፍልተን ከጠጣን ቅማሉ ይጠፋል?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ልጁ ትምህርቱን በሚገባ እንደ ተከታተለ ተረዳሁ፤ የተደበላለቀው የተሰጠው ትምህርት ነበር። ከዚያ የባሰው ሠልጣኙ ግርሻ ቅማል ሲነክስ ይተላለፋል ማለቱ ነው። የግርሻ ተሐዋሲ የሚገባው ቅማሉ በጥፍር ወይም በማከክ ሲፈርጥ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ የተቧጨረ ቆዳ ሲነካ ነው። እንግዲህ ቅማልን በጥፍር መግደል፣ እናቶቻችን ለፍቅር የሚያደርጉት ሥራ፣ ራሱ የመያዣው መንገድ ነው። ይህን ያልነገረ ትምህርት ዋናውን ነገር አልነገረም።

ቅማሉን የሚያጠፋው ልብስን መቀቀል ነው። ነገር ግን በጎጃም ደጋ በክረምት እንጨቱ እርጥብ ነው፤ የታጠበ ጋቢ በሦስት ቀንም አይደርቅም፤ ቅያሪ የሌለው ሰው ምን ለብሶ ይጠብቅ? ቤተ ሰቡም ከብርዱ ለመሸሽ ተጠጋግቶ ያድራል። ግርሻ ክረምትን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን የሚሞተው ጥቂት ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠውስ መቼ ነው? እኔ በተመለከትኳቸው ክፍሎች በጥርና በየካቲት ነበር፤ በሽታው ሲበረታ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ሠልጣኞቻችን ከውጭ መጻሕፍት ሲተረጉሙ «የክረምት በሽታዎች» ብለው የሚያመጡትም የአውሮፓን የበረዶ ወራት ጉንፋን ነው። እነዚያ ወራት ለእኛ በጋ ናቸው፤ የሚያሠጋንም ያን ጊዜ የማጅራት ገትር ነው። ስለ ቅማልና ስለ ግርሻ የሚሰጠው ትምህርት ወደ ግንቦት ቢዛወር፣ ልብሱም ሰኔ ሳይገባ በፀሐይ ቢቀቀልና ቢሰጣ፣ ተማሪው ለቤቱ ይዞት የሚገባ ነገር ይኖረዋል። ለመምህሩም ሦስቱን በሽታዎች በሦስት ስም የሚለይ አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በዚያው ስም ብትጠራቸው በቅጹና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል።

አንድ ወገን ግን ይቀራል። በየደብሩ ተጠግቶ፣ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ በእኛ መዝገብ ላይ የለም፤ ሲታመምም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታምመው ጓደኛው ነው። ለእርሱ የሚደርስ ትምህርት በየኔታ በኩል ማለፍ አለበት። ከኮሌጃችን ግን ይህን ጉዳይ ይዞ ወደ አንድም ጉባኤ ቤት የሄደ መምህር እስካሁን አላየሁም፤ እኔም አልሄድኩም።