መመሪያው መለኪያ ሲሆን፦ የትምህርት አመራር ጥናቶቻችን ከሉማሜ ሲታዩ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት አመራር መመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው ርዕሶቹን ሳያይ ሊገምታቸው ይችላል። «የርዕሳነ መምህራን የማስተማር አመራር፦ አተገባበሩና ተግዳሮቶቹ»፤ «የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ያለበት ሁኔታ»፤ «የጉድኝት ሱፐርቪዥን አሠራርና ችግሮቹ»። ከዚያ የዞን ወይም የወረዳ ስም ይከተላል። ወረዳው አዋበል ቢሆን ወይም ጅማ ዞን ውስጥ ያለ ሌላ ወረዳ፣ ከርዕሱ በታች የሚለወጠው ጥቂት ነው። አምስት ምዕራፍ፣ ገላጭ የዳሰሳ ስልት፣ ባለ አምስት እርከን መጠይቅ፣ አማካይ ውጤት፤ ማሳረጊያው «ዝቅተኛ» ወይም «መካከለኛ» የሚል ፍርድና «ሥልጠና ይሰጥ» የሚል ምክረ ሐሳብ።

የሚገርመው የጸሐፊዎቹ ማንነት ነው። አብዛኞቹ ራሳቸው መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን ወይም ሱፐርቫይዘሮች ናቸው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሱ የሚማሩ። ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር ከአማካሪዎቻቸው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። ጽሑፋቸው ውስጥ ግን ይህ እውቀት የለም። የት ቀረ?

የቀረው መጠይቁ ሲዘጋጅ ይመስለኛል። በ1994 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ እንውሰድ፤ ባለሙያው «ብሉ ቡክ» የሚለውን። የቢሮውን፣ የመምሪያውን፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱን፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርዱንና የወላጅ መምህር ኅብረቱን ድርሻ ይዘረዝራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ሲመጣ የትምህርት ቤት ማሻሻያው በአራት ዐበይት ጉዳዮች ተከፈለ፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። አጥኚው አራቱን ይወስዳል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ያሉትን ተግባራት ወደ ጥያቄ ይለውጣል፤ «ትምህርት ቤቱ ግለ ግምገማ ያካሂዳል» በሚል ዓረፍተ ነገር ፊት መምህሩ ከ1 እስከ 5 ያከብባል። መመሪያው የጥናቱ ንድፈ ሐሳብም፣ መለኪያም፣ ፍርድ ሰጪም ሆነ። እንዲህ ያለ ጥናት ሊያገኘው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከመመሪያው ምን ያህል እንደራቀ። መመሪያው ራሱ ከትምህርት ቤቱ ርቆ እንደሆነ የሚጠይቅበት ቦታ መጠይቁ ውስጥ የለም።

ከውጭ የሚመጡት መለኪያዎችም ከዚህ አያወጡንም። ፊሊፕ ሃሊንገር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ርዕሳነ መምህራን ያዘጋጀው የማስተማር አመራር መመዘኛ፣ ባስና አቮሊዮ ለድርጅት መሪዎች የሠሩት መጠይቅ፣ ተተርጉመው እኛ ዘንድ ይሠራባቸዋል። እነዚህ ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ራሱ እንደሚመርጥ፣ በጀቱን እንደሚያዝበት፣ ጊዜውም የራሱ እንደሆነ አስቀድመው የሚገምቱ ይመስለኛል።

ሉማሜ ላይ ቆመን እንየው። ሉማሜ የምሥራቅ ጎጃሙ አዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በጤፍና በስንዴ አገር መካከል። እንዲህ ባለች ከተማ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ክፍል ተከራይቶ ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ የሳምንት ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ስንቁ ካለቀ ከክፍል ይቀራል። ተከራይታ የምትኖረው ልጅ ደኅንነት፣ የአከራይ ጭቅጭቅ፣ የአጨዳ ወቅት መቅረት፣ ሁሉም ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። የውስጥ ገቢው ደግሞ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ መቼ ይሸጥ፣ መሬቱ ለማን በእኩል ይሰጥ፣ የወላጅ መዋጮ ከምርት በፊት ይጠየቅ ወይስ በኋላ። ከምርት በፊት የጠየቀ ርዕሰ መምህር ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ይህን ማወቅ አመራር ካልሆነ ምን ይባላል? በመጠይቁ ግን ነገሩ ሁሉ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ፦ አማካይ 2 ነጥብ ምናምን» ሆኖ ያልፋል።

ስንቅ ተሸክሞ ትምህርት ፍለጋ መሄድ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ቢቸና አጠገብ ያለው ድማ ጊዮርጊስ ተማሪ ከሩቅ አገር የሚመጣበት የቤተ ክህነት ትምህርት ጉባኤ ነበር፤ የተማረው ያልተማረውን የሚያስነግርበት፣ ተማሪው መምህሩን መርጦ የሚሄድበት ሥርዓት። የትምህርት አስተዳደር ጥናቶቻችን ታሪክን የሚጀምሩት ግን በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው፤ የቤተ ክህነቱ አንድ አንቀጽ ካገኘ ብዙ ነው።

የመንግሥትና የገበሬ የትምህርት ውልም የራሱ ታሪክ አለው። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል ገበሬው ለትምህርት ቤት መክፈል ጀመረ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ለብዙው ገጠር ገና አልደረሰም ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ቢቸናና ሞጣ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፁ ዋናው ስጋት ርስትን ማጣት ነበር። ገብሩ ታረቀ ስለ ገበሬ ዓመፆች በጻፈው መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አይቶታል። ዓመፁ ስለ ትምህርት እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ሆኖም ከከተማ የሚመጣ ሰው መዝገብ ይዞ ሲጠይቅ ገበሬው በምን ዓይን እንደሚያየው ከዚህ ውጭ ማስረዳት ይከብዳል። በ1976 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 260 የትምህርት ቤት አስተዳደር ኮሚቴዎችን ሲያጠናክር፣ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ያልተማከለ አስተዳደርን ሲያውጅ፣ በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ መዋጮ ሲጠራ፣ የተናገሩት ለዚሁ ገበሬና ለልጆቹ ነው። መጠይቁ «ተሳትፎው ዝቅተኛ ነው» ሲል በየዘመኑ ስንት ጊዜ እንደተሳተፈ አይቆጥርለትም።

መለኪያው ሰዎቹን ያስቀራል የሚለው ጥያቄ በውጭም ተነሥቷል፤ ቶማስ ግሪንፊልድ የተባለ ካናዳዊ የትምህርት አስተዳደር ምሁር በ1974 እ.ኤ.አ. ብሪስቶል ላይ የሙያ ባልደረቦቹን ያስቆጣ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር፤ ድርጅት ከሰዎቹ ውጭ ራሱን ችሎ የሚኖር፣ በሕግ የሚመራ ፍጥረት አይደለም ሲል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 1966፣ የኢትዮጵያ መምህራን መንግሥት ያስጠናውን የትምህርት ማሻሻያ ሐሳብ፣ የትምህርት ሴክተር ግምገማውን፣ ተቃውመው ሥራ አቁመዋል። ግምገማውን ያዘጋጁት ባለሙያዎች በሰንጠረዥ የታጠቁ ነበሩ፤ መምህሩና ወላጁ ሐሳቡን እንዴት እንደሚረዱት ግን አልገመቱም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሃሪ ዎልኮት የአንድን የአንደኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር ውሎ ሁለት ዓመት ተከታትሎ መጽሐፍ አሳትሟል። አንድ ሰው፣ አንድ ቢሮ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዕቅድ ለአማካሪ ቢቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ናሙናው ስንት ነው?» እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ መሆናቸውን ያለ ቁጥር ማወቅ አይቻልም። ችግሩ ከቁጥሩ በኋላ ነው። ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ መመሪያቸው አንድ፣ ወረዳቸው አንድ፣ አንዱ ያሳልፋል ሌላው አያሳልፍም፤ ለምን? እዚህ ላይ አማካዩ ዝም ይላል፤ ርዕሰ መምህሩን ማን መደበው፣ በምን ምክንያት ተነሣ፣ መምህራኑ ዝውውር ለምን ይጠይቃሉ የሚለው ፓርቲንም ዝምድናንም ስለሚነካ መጠይቅ አይደፍረውም። ርዕሳነ መምህራን ለራሳቸው የሚሰጡት ነጥብ መምህራን ከሚሰጧቸው ከፍ ሲል፣ ልዩነቱ እንደ ስሕተት ታይቶ ይታለፋል። ለእኔ ዋናው ግኝት እርሱ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ምሥራቅ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል፤ በክልሉ ሚሊዮኖች ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤትን የሚያስተዳድረው መመሪያው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። መዝገቡን ማን ደበቀ፣ ክፍሉ ይከፈት ወይም ይዘጋ ብሎ የወሰነው ማን ነው፣ ሽማግሌዎች ከማን ጋር ተነጋገሩ፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ አሉ።

ጽሑፍም አለ። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ በእጅ የተጻፈ፣ የተፈረመበት፣ ክርክሩ ከነውሳኔው የሰፈረበት። ባሕር ዛፉ የተሸጠበት ዋጋ፣ መዋጮ ያልከፈለው ወላጅ ጉዳይ፣ ጥበቃው የተቀጠረበት ሁኔታ እዚያ ውስጥ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከሉማሜ ጋር በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ነው የሚገኘው። አንድ የማስተርስ ተማሪ መጠይቁን ትቶ የአንድ ትምህርት ቤት የሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ ቢያነብ፣ የጻፉትንም ሰዎች ቢያነጋግር፣ በዘርፉ እስካሁን ያልተጻፈ ጽሑፍ ይዞ ይወጣል። መዛግብቱ ግን ወረቀት ናቸው፤ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ሥራው ፎቶ በማንሣትና በመገልበጥ ሊጀመር ይገባል፤ እርሱም ዘንድሮ።