ሪጄል፣ ሰማያዊው እግር
በጥር ምሽት ሰማዩ ሲጠራ፣ ተሰልፈው የሚታዩትን ሦስቱን የኦሪዮን ከዋክብት ፈልጉ። ከእነሱ በአንድ ወገን ቀላ ያለው ቤትልጁስ፣ በሌላው ደግሞ ነጥቶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ሪጄል አለ። የእኔ ዓይን ሁሌም የሚያርፈው ሪጄል ላይ ነው።

ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «እግር» ማለት ነው። የዐረብ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የኦሪዮንን የከዋክብት ስብስብ ጀውዛ ብለው በሰው አምሳል ሲያዩት፣ ይህን ኮከብ ግራ እግር አደረጉት። ግን እንዴት ያለ እግር ነው! ስፋቱ ከፀሐይ ከ70 እጥፍ በላይ ነው፤ ሰማያዊ ያደረገውም 12,000 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው የገጹ ሙቀት ነው። የከዋክብት ካርታ ሠሪው ዮሐን ባየር እ.ኤ.አ. በ1603 ለከዋክብት የግሪክ ፊደላት ሲያድል የመጀመሪያውን ለቤትልጁስ፣ ሁለተኛውን ለሪጄል ሰጠ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቤትልጁስ ይልቅ ደምቆ የሚታየው እሱ ነው።