ቶማቲዮ፣ ለፍሪዘር የተመቸ ፍሬ

ቶማቲዮ የሜክሲኮ ጓዳ ኩራት ነው። ስፔኖች ከመምጣታቸው አስቀድሞ እዚያው ሲለማ የኖረው ይህ አረንጓዴ ፍሬ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ልባስ ለብሶ ያድጋል። ልባሱ ሲገፈፍ ቆዳው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ በውኃ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት።

እኔ የምወድለት ከዚህ በኋላ አለማድከሙን ነው። መቀቀል፣ መላጥ የለም፤ ሙሉውን ትሪ ላይ አራርቆ ፍሪዘር ማስገባት፣ ሲጠነክር ወደ ከረጢት መገልበጥ ብቻ ነው። ቅዝቃዜው ስለሚያለሰልሰው ለሰላጣ ባይሆንም ለድስት ግን አንደኛ ነው። በረዶው ሳይለቅ ከቃሪያ፣ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅሎ፣ ጨውና የድንብላል ቅጠል ጨምሮ መፍጨት ነው፤ ሳልሳ ቬርዴ የተባለው አረንጓዴ ማባያ ደረሰ። ደስ የሚል ኮምጣጣነቱ ዶሮውንም የአሳማ ሥጋውንም ያጣፍጣል። የአንድ ወቅት ምርት ለወራት እንዲህ የሚያበላ ፍሬ ምስጋና ይገባዋል።