የወንዝ ዛጎሎች የሙዝየም መዝገብና የአተረጓጐሙ ችግር

የሙዝየም መዝገብ አጭር ጽሑፍ ነው፤ የእንስሳው ስም፣ የተገኘበት ስፍራ፣ ቀኑ፣ ሰብሳቢውና የመዝገብ ቁጥሩ ይሰፍሩበታል። ማጠሩ ግን ተርጓሚውን ያዘናጋል። በአፍሪካ ወንዞች ስለሚኖሩ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳት የተጻፉ መዝገቦች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ፍች የሚዛባባቸውን ሦስት ቦታዎች እንመረምራለን።

መጀመሪያው የእንስሳው ስም ነው። «ዛጎል» ቤቱን እንጂ ነዋሪውን አይሰይምም፤ «ቀንድ አውጣ»ም ዛጎሉ አንድ ወጥ የሆነ ሌላ ፍጥረት ነው። ስለዚህ «ባለ ጥንድ ቅርፊት» የሚለውን እንመርጣለን። ላማርክ በ1807 እ.ኤ.አ. ኤቴሪያ ኤሊፕቲካ ብሎ የሰየመው፣ በዓባይና በኮንጎ ወንዞች ከዐለት ጋር ተጣብቆ የሚኖረው እንስሳ፣ በልማድ «የወንዝ ኦይስተር» ይባላል። ዝምድናው ግን ከባሕሩ ኦይስተር ጋር ሳይሆን ከሌሎቹ የወንዝ ባለ ጥንድ ቅርፊቶች ጋር ነው። ልማዳዊውን ስም ቃል በቃል መመለስ እንስሳውን ከወገኑ ይነጥለዋል።

ሁለተኛው ቍጥር ነው። በእንዲህ ያለ ክምችት ከአንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ የተሰበሰቡ የአንድ ዝርያ ዛጎሎች፣ ብዙም ቢሆኑ፣ ባንድ የመዝገብ ቍጥር ሊያዙ ይችላሉ። ይህን «ናሙና» ብንለው አንባቢ አንድ ዛጎል ብቻ ይመስለዋል፤ «እሽግ» ቢባል ይሻላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው የስፍራ ስም ነው። ስታንሊቪል በ1966 እ.ኤ.አ. ኪሳንጋኒ ተብላለች። ተርጓሚው ለአንባቢ አስቦ አሮጌውን ስም ቢሰርዝ፣ ጽሑፉ መቼ እንደ ተጻፈ የሚመሰክረውን ምልክት ያጠፋል። «አቢሲኒያ»ን በ«ኢትዮጵያ» መተካትም እንዲሁ ነው፤ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ተጓዦች በቃሉ ያመለከቱት ምድር ከዛሬው የሀገር ወሰን ጋር አንድ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዳርዊን ኮር የተባለው የመረጃ መስፈርት፣ በመለያ ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው የስፍራ ቃል ራሱን የቻለ ቦታ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም የቀድሞው ስም እንዳለ ይቀመጥ፣ አዲሱ በቅንፍ ይከተል እንላለን።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ የወንዝ ባለ ጥንድ ቅርፊቶች በእጭነታቸው ዘመን ዓሣ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ግድብ የዓሣውን መንገድ ሲዘጋ እነርሱም ሊጠፉ ይችላሉ። ያን ጊዜ በዚያ ወንዝ መኖራቸውን የሚመሰክሩት ዛጎሉና መለያ ወረቀቱ ይሆናሉ። ምስክሩን መተርጐም የተርጓሚው ተግባር ነው፤ ቃሉን ማረም ግን አይደለም።